ለእናትሽ ኮምፒዩተር የቀጠርኩት ዘበኛ

እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ

ለልጄ፣ በሩቅ ላለችው፤

መጀመሪያ ጤናሽን መጠየቅ ደንብ ነበር። ግን ተቆጥቻለሁ፤ የተቆጣ ሰው ጤና ቢጠይቅ ከአንገት በላይ ነው። ስለዚህ ጤናሽን መጨረሻ ላይ እጠይቃለሁ፣ ንዴቴ እስከዚያ ከበረደ።

ፊደሌ ተንጋደደ ብለሽ እንዳትስቂ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ያስቆጠረችኝም እናትሽ ናት፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካው በር ላይ፣ በገቢና ወጪ መዝገብ። ሌላው ሰው በ«ሀ» ይጀምራል፤ እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል «ይግባ» ነው። ሁለተኛው «አይግባ»። በእነዚህ በሁለቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ቤቴን አስተዳድሬባቸዋለሁ።

የመዝገቡን ሕግ ታውቂዋለሽ፤ በልጅነትሽ ላጲስ ይዘሽ ስትመጪ ከበሩ አባርርሽ ነበር። ገጽ አይቀደድም፣ ቃል አይፋቅም። የተሳሳተ ዘበኛ በስህተቱ ላይ አንድ መስመር ያሰምራል፤ ስህተቱ ከመስመሩ ሥር እየተነበበ ይቀራል፤ እሱም አጠገቡ ይፈርማል። ይሄንንም ደብዳቤ በዚያው ሕግ ነው የምጽፈው። ቀድጄ እንደገና አልጀምርም። ያልኩት ያልኩት ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ። ዛሬ ሰባተኛው እሑድ ነው። ሰባት እሑድ ሙሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኮምፒዩተሩን ከፍቼ፣ እናትሽ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ስክሪኑን እንደ መስኮት ሳይ አመሻለሁ። የጠበቅሁሽ እንዳይመስልሽ። ወንበሩ ለወገቤ ስለሚስማማኝ ነው። ኮቴንም የምለብሰው ክፍሉ ስለሚበርድ ነው።

መጨረሻ ስትደውዪ «አባዬ፣ ሚያዝያ ላይ የአንድ ወር ፈቃድ አለኝ፤ ልምጣ ወይስ ልቅር?» አልሽኝ። «እንደፈለግሽ» አልኩሽ። ከዚያ «በሚቀጥለው እሑድ እደውላለሁ፣ አስብበትና ንገረኝ» ብለሽ ዘጋሽ። ታዲያ የታለ የሚቀጥለው እሑድ? «እንደፈለግሽ» ማለት ምን ክፋት አለው? የፋብሪካውን ዋና ሥራ አስኪያጅ እንኳ እንደፈለግክ ብዬው አላውቅም፤ መታወቂያውን ሳያሳይ አንድ ቀን አላለፈም። አንቺን ግን አልኩሽ። ይሄ ክብር ነው።

ይባስ ብለሽ ፀጉር አስተካካያችን ጋ ደወልሽ። ሰፈሩ «ምላጭ» የሚለው ይሄ ሰው ደግሞ አፉ እንደ ስሙ ነው፤ አራቱም ወንበሮች ላይ አራት አረፋ የተቀባ አገጭ ተደርድሮ ሳለ፣ ገና በሩን ሳልፍ «ልጅህ ደውላ ነበር፤ ደህና ነህ ወይ አለች» አለኝ።

«ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ? ደህና ነው፣ እንደ ልማዱ ቅዳሜ ተላጭቶ ሄደ አልኳት። ኮምፒዩተሩንስ ይከፍታል ወይ ብትለኝ፣ ኧረ በየቀኑ አልኳት።»

«ለኔ ሳትደውል ላንተ?»

«እንካ ደውልላታ!» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። በአራት አገጭ ፊት! መቀስ እንኳ መቁረጡን አቁሞ ያዳምጥ ነበር። ሳልላጭ ወጣሁ።

እኔ ስልክ የሚባል ነገር በኪሴ እንደማልይዝ ታውቂያለሽ። የእናትሽ ስልክም ከእሷ ጋር ዝም ብሏል። የቀረን በር ያቺ ኮምፒዩተር ናት። አንቺ ደግሞ በሩን ትተሽ በፀጉር ቤት በኩል የአባትሽን ጤና ታጣሪያለሽ። ይሁን። እኔ የሰው ደጅ አልጠናም፤ የልጄንም ቢሆን።

አሁን ስለ ዘበኛው ልንገርሽ። ከንዴቴ ይልቅ በእሱ ደስ ይለኛል።

ነገሩን ያመጣው ያው ምላጭ ነው። እሱ ወሬ የሚያመጣው አፍህን በአረፋ ከዘጋ በኋላ ነው፣ መልስ እንዳትሰጠው። «ሰማህ? የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌባ ገብቶ የልጆቹን ፎቶ በሙሉ ቆልፎበት ሄደ። በር ሳይሰበር! መስኮት ሳይነካ!» አለኝ። አረፋውን ሳላስጠርግ ብድግ አልኩ።

በኮምፒዩተራችን ውስጥ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ። ከመዋለ ሕፃናት ጀምሮ ያለው ፎቶሽ አለ። የእናትሽ ድምፅም አለ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ስለ ድምፁ ሌላ ጊዜ። በየቀኑ አንድ ጊዜ ከፍቼ አዳምጠዋለሁ፤ ሳዳምጥ የቤቱን በር እቆልፋለሁ። እና ይሄን ሌባ ሊወስደው? በሞቴ!

ኮምፒዩተር ጠጋኟ ጋ ሄድኩ። ሰፈሩ «ብሎን» ነው የሚላት፤ ስታወራም ስትስቅም ትንሽ ብሎን በጥርሷ ይዛ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ሱቅ የከፈተችው፤ እናትሽ ግን ትወዳት ነበር።

«ዘበኛ እፈልጋለሁ» አልኳት።

«ለቤትዎ ነው አባባ?»

«ለኮምፒዩተር።»

ሳቀች። ብሎኑ አልወደቀም። «ፋየርዎል ነው የሚባለው። ነጻ የሆኑም ስላሉ ምንም አያወጡም» አለችኝ።

«ነጻ ዘበኛ? ደመወዝ የሌለው ዘበኛ ከየት ይበላል?»

ይህን ስላት መፍቻዋን አስቀመጠች። «እውነት ነው አባባ፣ ሰው ሁሉ ነጻ ሲሉት ዘሎ ይጭናል፤ ከየት ይበላል ብሎ የጠየቀኝ እርስዎ ነዎት» አለች። ደስ አለኝ፤ አልደብቅሽም። ከዚያ እንደ ቅጥር ኮሚቴ ተቀምጠን እጩዎቹን አንድ በአንድ መረመርናቸው።

አንዱ በነጻ ይገባና በሠላሳኛው ቀን ካልተከፈለኝ አልሠራም ይላል። እንዲህ ያለውን አውቀዋለሁ፤ ወር ሙሉ እጅ ይነሳል፣ ከዚያ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይደራደራል። አይግባ አልኩ። ሌላው ለዘለዓለም ነጻ ነኝ ይላል፤ ግን አድራሻህን ስጠኝ፣ የምትከፍተውን ልይ፣ በየደቂቃው ማስታወቂያ ላሳይህ ይላል። ብሎን ስታስረዳኝ «ይሄ የሚበላው ከእርስዎ ወሬ ነው» አለች። የቤቱን ምስጢር ለጎረቤት የሚሸጥ ዘበኛ! እሱንም አይግባ። ሦስተኛው ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ ዝምተኛ፣ ከውጭ ሳይጠራ የሚመጣውን ይመልሳል፤ ከውስጥ የሚወጣውን ግን ብዙም አይጠይቅም።

«ለእርስዎ ይሄ ይበቃል» አለችኝ። «ያብሩትና ይተዉት። አይጨቀጭቅዎትም።»

«የሚወጣውን የማይጠይቅ?» አልኳት። «አንቺ ልጅ፣ ፋብሪካ የሚዘረፈው በሚገባ ሰው መሰለሽ? በሚወጣ ነው!» ጠዋት እንደ መርፌ ቀጥኖ ገብቶ ማታ ወፍሮ የሚወጣውን ሸማኔ ነገርኳት፤ ታስታውሺው የለ? ወገቡ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልሎ «የፋብሪካው ምሳ ተስማማኝ» ያለኝ። ብሎን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ስለዚህ አራተኛውን መረጥኩ። ትንሽ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ አድራሻ አይጠይቅም፤ የሠሩት ሰዎች ለፍቅር ብለው ነው አሉ። ዋናው ነገር ይጠይቃል። የሚገባውም የሚወጣውም ፊት ቆሞ «ይለፍ ወይስ አይለፍ?» ብሎ እኔን ይጠይቃል። አረንጓዴው ይለፍ ነው፣ ቀዩ አይለፍ። አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷ ላይ ምልክት ካደረግሽ ፍርዱ ለዘለዓለም ነው። ብሎን ስትተክለው ሁለት ሦስቱን ራሷ አሳለፈችና «የማያውቁት ሲመጣ እኔን ይጠይቁኝ እሺ?» ብላ ሄደች። እሺ አልኳት። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በር የጠበቀ ሰው፣ ማን ይግባ ብሎ ጠጋኝ ቤት ይሄዳል?

ይሄ አንቺ መጨረሻ ከደወልሽበት እሑድ በኋላ ባለው ረቡዕ ነው።

ልጄ፣ ከተማው ሁሉ በእናትሽ ኮምፒዩተር በኩል ነው ለካ የሚያልፈው! በመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ጊዜ ተጠየቅሁ። ጽሑፉ የውጭ ፊደል ነው፣ አላነበውም፤ ግን የማላውቀው አያልፍም፣ ሕጉ ይሄው ነው። ቅዳሜ ደግሞ አንድ ሥዕል የሌለው፣ ስሙ እንደ ባቡር የረዘመ መጣ። ሳጥኗ ላይ ምልክት አድርጌ ቀዩን ተጫንኩበት። ያ ባለ ረጅም ስም እስከ ዛሬ ተስፋ አልቆረጠም። ይመለሳል፣ ይመለሳል። ዘበኛው የመለሳቸውን በቁጥር ያሳየኛል፤ ዛሬ ጠዋት አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ደርሷል። ድርቅናውን ሳየው ሳላደንቀው አልቀረሁም። አንድ የምታውቂውን ሰው ይመስላል።

እንግዲህ ይሄው ነው። የክፍልሽ መስኮት በእርጥበት አብጦ አልዘጋ ብሎ ነበር፤ መላጊያ ተውሼ ሦስት ቀን ታገልኩት፣ አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል። ሰው ይመጣል ብዬ አይደለም፣ ነፋስ ስለሚገባ ነው። መድኃኒቴን እውጣለሁ። ነገ ብሎን ጋ ወስጄ ፖስታው ላይ አድራሻሽን በዚያ በውጭ ፊደል አስጽፋለሁ።

ንዴቴ ስላልበረደ ጤናሽን አልጠየቅሁም።

አባትሽ

~

ማክሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት

ልጄ፣ ደብዳቤው አላለቀም ለካ።

ትናንት ፖስታውን ይዤ ብሎን ጋ ሄድኩ። አገላብጣ አየችውና «በፖስታ ቤት? ይሄ እኮ ሦስት ሳምንት ይፈጃል አባባ። በኮምፒዩተሩ አትነጋገሩም እንዴ?» አለችኝ።

«ትታኛለች» አልኳት። ይሄን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ሱቁ ጠበበኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰባት እሑድ።»

ያን ጊዜ ብሎኑን ከአፏ አወጣችው። አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስታደርገው አይቼ አላውቅም፤ ሐኪም መነጽሩን ሲያወልቅ ያየሁ ያህል ሆንኩ።

«ዘበኛውን የተከልንልዎት መቼ ነው?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ፖስታውን ብቻ ከእጇ ተቀበልኳት። ቀኑን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም።

ሱቋን ዘግታ አብራኝ መጣች። ወንበሩን ለቀቅኩላት፣ ተቀመጠች፣ ዘበኛው የመለሳቸውን ዝርዝር ከፈተች። ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደች። እንደገና ከላይ ጀመረች። ከጀርባዋ ቆሜ ነበር፤ እዚያች ወንበር ጀርባ መቆም ለምጃለሁ።

«አባባ፣ ይሄ ሁሉ አንድ ነው» አለችኝ። «ባለ ረጅም ስሙ።»

«ሌባ ነው?»

«ሌባ አይደለም። ከውጭ የመጣም አይደለም፤ እዚሁ እቤትዎ ያለ ነው። ልጅዎ የምትደውልበት ነው። ታድሶ ስለመጣ ዘበኛው እንደ አዲስ ጠየቀዎት፤ እርስዎ ቀዩን ተጫኑበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ጋ ልውጣ ልውጣ ሲል ነው የኖረው። እሱ ካልወጣ የእሷም ጥሪ አይደርስም።»

አራት ሺህ ጊዜ። ከውስጥ። ልጄ ጋ ልውጣ እያለ። እና እኔ ቁጥሩ ሲጨምር ደስ ይለኝ ነበር።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ብሎን «ስንቱ ባለ ዲፕሎማ እንዲህ አድርጎ መጥቷል መሰለዎት» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው፤ ገባኝ። «አረንጓዴውን እርስዎ ይጫኑት» ብላ ወንበሩን መለሰችልኝ።

ተጫንኩት።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ «ጢው» አለ። ቀጥሎ «ጢው»። ቀጥሎማ እንደ በረዶ ቆርቆሮ ላይ፤ ጢው ጢው ጢው! ያላነሳኋቸው ጥሪዎችሽ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሰባቱም እሑድ አለ፤ በየመሀሉም ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ። እኔ እዚህ ወንበር ላይ ኮቴን ለብሼ ስክሪኑን ሳይ፣ አንቺ እዚያ ማዶ ታንኳኪ ነበር። በዚያው ሰዓት። በዚያው ደቂቃ። መሀላችን የቆመው እኔ የቀጠርኩት ነው።

ሦስት መልእክቶችም ነበሩ። ብሎን ልታነብልኝ ስትል እምቢ አልኳት። አንቺ በምትሠሪበት የመነጽር መስታወት መሞረጃ ቤት በገዛ እጅሽ ሞርደሽ የላክሽልኝን መነጽር አድርጌ፣ ራሴ ፊደል በፊደል አነበብኳቸው።

የመጀመሪያው «አባዬ፣ ዛሬ ደውዬ ነበር፤ እንቅልፍ ወስዶህ ይሆናል። መልካም እሑድ» ይላል።

ሁለተኛው «አባዬ፣ ፀጉር ቤት ደወልኩ። ደህና ነው፣ ኮምፒዩተሩንም በየቀኑ ይከፍታል አሉኝ። ታዲያ ለምን አታነሳልኝም?» ይላል።

ሦስተኛው የዓርብ ነው። «አባዬ፣ ቲኬቱን እስከ ሐሙስ ብቻ ነው የሚይዙልኝ። ዝምታህ መልስህ ከሆነ ገብቶኛል፤ አላስቸግርህም። መድኃኒትህን ብቻ አትርሳ።»

ቀና ስል ብሎን መስኮቱን ትመለከት ነበር። ጥሩ ልጅ ናት። የሰው ፊት የማይታይበትን ጊዜ ታውቃለች።

«እንደውልላት» አለችኝ። ምኑን እንደምጫን አሳየችኝ። ክብ ውስጥ ያለው ፎቶሽ መጣ፣ ጠራ፣ ጠራ፣ እስኪቆም ድረስ ጠራ። እንደገና ሞከርን። «ሥራ ላይ ትሆናለች» አለች ብሎን። «አዎ፣ ሥራ ላይ ናት» አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሰባት ሳምንት ያልተነሳለት ሰው በሁለት ጥሪ ባያነሳ ቅር አይለኝም። እኔም አላነሳም ነበር።

«መልእክት ይጻፉላታ!»

«በዚያ ሰሌዳ ፊደል እየለቀምኩ እስከ ሐሙስ «ለልጄ» የሚለውንም አልጨርስም» አልኳት። «ደግሞ ጽፌያለሁ እኮ» ብዬ ፖስታውን ቀደድኩት።

አነበበችው። ሸማኔው ጋ ስትደርስ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ አልሳቀችም። «ፎቶ አንስቼ በኮምፒዩተሩ እልክልዎታለሁ፣ ወዲያው ይደርሳታል። ግን እነዚህን የቁጣ ገጾች እንተዋቸው አባባ። አሁን የሚሉትን ብቻ በአዲስ ወረቀት ይጻፉላት።»

«ገጽ አይቀደድም» አልኳት። ሕጉ ለሌላ ሰው ብቻ ከሆነ ሕግ አይደለም። ለዚህ ነው ከላይ ያለውን ሁሉ ያነበብሽው። ያ ሰውዬም እኔ ነኝ። ከሁለት ቀን በፊት የነበረው አባትሽ ነው፤ ከበር ላይ ልሰውረው አልችልም።

በሕጉ መሠረት ግን የማሰምርባቸው መስመሮች አሉኝ። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሰሽ ብታዪ «የጠበቅሁሽ እንዳይመስልሽ» የሚለው ላይ መስመር አለ፤ ፈርሜያለሁ። «የሰው ደጅ አልጠናም» የሚለውም ላይ አለ። «ሰው ይመጣል ብዬ አይደለም» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬ ነበር፤ ሁለት መስመር ደንብ አይደለም፣ እጄ ነው።

አንድ ሌላ ቃል ደግሞ አለች። በዚህ ወረቀት ላይ አልተጻፈችም፤ ባለፈው ዓመት፣ እናትሽን ቀብሬ በተመለስኩበት ቀን፣ በስልኳ ስትደውዪ የተናገርኳት ናት። አንቺም አላነሳሻት፣ እኔም አላነሳኋት፤ በየእሑዱ ግን መሀላችን ትቀመጥ ነበር። ያልተጻፈ ነገር ላይ መስመር ማስመር አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ልጻፋት፤

«ለእናትሽ ያልደረስሽ፣ ለእኔ ልትደርሺ ነው?»

መስመሩን ታዪዋለሽ። አንድ ነው፣ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ቀጥ ያለ። አጠገቡ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ያን ጊዜ የጉዞ ወረቀት ከልክለውሽ እንደቀረሽ አውቅ ነበር። በር ላይ ነው የቀረሽው። በር ላይ የሚቀር ሰው እንዴት እንደሚያለቅስ ከእኔ በላይ ማን አይቷል? እያየሁ ነው የኖርኩት። ግን አንድ ሰው ላይ መቆጣት ነበረብኝ፤ ሞትን አላገኘሁትም፣ አንቺን አገኘሁ።

አሁን የባሰውን ልናገር፣ እጄ ሳይደክም።

አሥራ አንድ ደቂቃ ያልኩሽ የእናትሽ ድምፅ ለእኔ የተባለ አይደለም። ለአንቺ ነው። በመጨረሻው ሳምንት፣ ጣቷ ቁልፉን መጫን እያቃተው፣ ትራስ አስደግፌያት የተናገረችልሽ ነው። መላኩን ሳታውቅበት ደከማት፤ «ነገ ትልክልኛለህ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ነገ ሳይደርስላት ቀረ። እኔም አንድ ቀን ላዳምጠውና እልካለሁ አልኩ፤ ከዚያ ሌላ ቀን፤ ከዚያ የላክሁት እንደሆነ ከቤት ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ሲሰጡት የሚያልቅ ነገር መሰለኝ። የዘበኛ ትልቁ ኃጢአት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሌባ ማስገባት አይደለም። የሰውን አደራ በር ላይ ይዞ ማስቀረት ነው። እኔ ዓመት ሙሉ ይዤብሻለሁ።

ብሎን ይሄን ስነግራት አልወቀሰችኝም። «አባባ፣ ድምፅን ከሌባ የሚያድነው ዘበኛ ብቻ አይደለም፤ ቅጂ ነው። በሁለት ሦስት ቦታ ካለ ማንም አይወስድብዎትም» አለችኝ። በፍላሽ ቀዳችልኝ፣ ፍላሹ በእናትሽ የቁልፍ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። አንዱ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይመጣልሻል። ሲወጣ ዘበኛው ቢጠይቀኝ፣ አረንጓዴውን እኔው እጫንለታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ስለ እኔ የምትለውን እንዳታምኛት። «እሱማ ከቅዳሜ ጀምሮ ተላጭቶ፣ ኮት ለብሶ፣ ካሜራው በማይደርስበት በኩል ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ የማይሰማ መስሎ ያንቺን ድምፅ ጠጥቶ ነው የሚነሳው። ስትዘጊ እስከ ማክሰኞ አይናገርም» ትላለች። የታመመ ሰው ብዙ ያወራል። ሰው የሚላጨው ሲያሳክከው ነው።

ይሄን የመጨረሻውን አላሰመርኩበትም። ማስመሪያው ተሰብሯል።

ዘበኛውን አባረርከው ወይ ትዪኝ ይሆናል። አላባረርኩትም፤ እሱ ምን አጠፋ? ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ጥፋቱ የጠያቂው አይደለም። ከእንግዲህ ግን የማላውቀው ሲመጣ ብሎንን እጠይቃለሁ፤ የሱቋ ደጅ ሃያ እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ፣ ሰው አይሞትበትም። ላንቺ ብቻ ሳጥኗ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። ፍርዱ ለዘለዓለም ነው።

ጤናሽን እጠይቃለሁ ብዬ ነበር። ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ? ትበያለሽ ወይ? እዚያ መስታወት ስትሞርጂ ውለሽ ዓይንሽን አያምሽም? ይሄን ሰባት ሳምንት ሙሉ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ እሱ በሚጠብቀው በር ስህተት የለም። እናትሽ «መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ» ትል ነበር፤ እኔ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሰው ነኝና ብርድ ልብስ ያድርግልሽ። ምርቃቴ ትንሽ ናት፣ ለምደሽዋል፤ ግን ሙሉዋን ነው የሰጠሁሽ።

ጥያቄሽ «ልምጣ ወይስ ልቅር?» ነበር። እኔ በአፌ መልስ መስጠት አላውቅበትም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በጽሑፍ ነው የመለስኩት። ስለዚህ ሐሙስ ሳይደርስ፣ በምችለው፣ በመዝገቡ ደንብ ይኸውልሽ፤

የገቢ ስም፦ ልጄ

ከየት፦ ከሩቅ

የመጣችበት ጉዳይ፦ አይጠየቅም

ፈቃድ የሰጠ፦ ቀድማ እናቷ፤ ዘግይቶ እኔ

ውሳኔ፦ ትግባ

የመግቢያ ሰዓት፦ በደረሰችበት፤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ

የመውጫ ሰዓት፦

ይሄኛውን ባዶ ትቼዋለሁ።

የበሩ ዘበኛ፣
አባትሽ